በጉና ዳገት ላይ የተሰማው ፉጨት

መካኒክ ጌጡን ያገኙት በሐምሌ 2004 ዓ.ም. አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ከደብረ ታቦር ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ወደ ጉና ተራራ በሚወጣው የጠጠር መንገድ ላይ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ጥምዝ በታች ባለው ገደል ውስጥ ወድቆ ነበር። የአስታ ቁጥቋጦ ይዞ ባያስቀረው ኖሮ ከጅብ በቀር የሚያገኘው አልነበረም።

ኢንስፔክተር የሺ ወገቧን በገመድ ታስራ ወደ ሬሳው ወረደች። ገደል ትፈራለች። ፖሊስ በሆነችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እግሯ አንድ ድንጋይ በፈነቀለ ቁጥር ድንጋዩ መሬት የሚመታበትን ድምፅ ትጠብቃለች፤ ድምፁ ደግሞ ቶሎ አይመጣም። ጉሙ ከሥር እየተንከባለለ ይወጣል።

ጌጡ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ደረቱ ላይ የሸሚዙ ጨርቅ በመኪና መከላከያ ተጨፍልቆ ከጭቃ ጋር ተጣብቋል። የቀኝ እጁ መዳፍ ተቃጥሏል፤ ቃጠሎው የጥርስ ሳሙና ተቀብቶበታል። የየሺን ዓይን የያዙት ግን ጣቶቹ ነበሩ። የአውራ ጣቱና የጠቋሚ ጣቱ ጫፎች ጠቁረው ያብለጨልጫሉ።

"ምን አገኙ ኢንስፔክተር?" አለ ሳጅን ማሩ ከላይ ሆኖ።

"ጣቱ ጠቁሯል።"

"መካኒክ አይደል? ግራሶ ነዋ!"

"ግራሶ አይደለም" አለች፣ በራሷ ጣት እየፈተገች። "እርሳስ ነው።"

ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው ወይዘሮ ብዙነሽ የምትባል፣ ከጥምዙ በላይ ብቻዋን በቆመች ጎጆ የምትኖር ባልቴት ናት። ጥጃ ጠፍቷት ስትፈልግ ነው ያየችው። የሺ ደጇ ላይ ስትደርስ ሴትዮዋ መዝጊያውን ገርበብ አድርጋ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ጠበቀቻት።

"እማማ ብዙነሽ፣ ትናንት የሰሙት ነገር አለ?"

"አለ እንጂ ልጄ። ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ይሆናል። ጉሙ ደጄን ውጦታል። መኪና ዳገቱን ሲወጣ ሰማሁ። መኪናስ መኪና ነው፤ ነገር ግን ያፏጫል።"

"ያፏጫል ሲሉ እንዴት ነው?"

ብዙነሽ ከንፈሯን አሹላ በጥርሷ መካከል ቀጭን አየር አወጣች። የሺ የአንገቷ ፀጉር ሲቆም ታወቃት።

"እንዲህ። ሲወጣ እየቀጠነ፣ እየበረታ። ከዚያ ቆመ። ሁለት ወንዶች ይነጋገራሉ። አንደኛው 'የት ነው? የት ነው ያለው?' ይላል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና አፏጨ፤ አጭር ነው። ሰው ጮኸ። መዝጊያዬን ቀርቅሬ ከአልጋዬ ሥር ገባሁ።"

"ሲመለስስ?"

"ሲመለስ ዝም ብሎ ነው የወረደ" አለች ብዙነሽ። "ከፉጨቱ ይልቅ ያስፈራኝ ዝምታው ነው።"

የፖሊስ ጣቢያው መኪና ሬሳ የሚጭንበት ቦታ አልነበረውም። እድል ሆኖ አያ አንዱአምላክ ተራራው ላይ ካለው የገብስ መጋዘናቸው ሲመለሱ ደረሱ። ስድሳ ዓመት የሞላቸው፣ ዝምተኛና የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው። ቀለሟ የለቀቀ ሰማያዊ ፒካፓቸውን ከተማው በሙሉ "ኤሊ" ይላታል፤ ዳገት ላይ አህያ ትቀድማታለችና። አያ አንዱአምላክ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሬሳውን አዩና እንባቸው ወረደ። የለበሱትን ጋቢ ገፈው አለበሱት።

"ኤሊ ላይ ጫኑት" አሉ። "ቀስ ብዬ አወርደዋለሁ።"

ቀስ ብለውም አወረዱት። የሺ ከኋላ ስትከተል፣ የጋቢው ጫፍ በነፋስ ሲርገበገብ እያየች ስለ ፉጨቱ ታስብ ነበር።

*

ደሳለኝ የጌጡ የጋራዥ ሸሪክ ነበር። ዐሥር ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል። የሺ ስትደርስ ጋራዡን ዘግቶ፣ ከተፈታ ሞተር አጠገብ በባዶ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

"የሚያፏጭ መኪና የትኛው ነው?" አለችው።

ደሳለኝ ቀና አለ። "ቱርቦ ያለው ነዋ።"

"ለማያውቅ ሰው እንደምትነግር አስረዳኝ።"

"እንደዚህ ነው። አንድ ዓይነት ፒካፕ በሦስት ዓይነት ሞተር ተሠርቶ ይመጣል። አንዱ ቤንዚን ነው፤ እሱን እዚህ አገር ማንም አይገዛውም። ሁለተኛው ተራ ዲዝል ነው። ጠንካራ ነው፣ አይሞትም፤ ግን ጉና ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እንደ አስም በሽተኛ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ይግላል፣ ይለምናል። ሦስተኛው ባለ ቱርቦ ዲዝል ነው። ቱርቦው በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ለሞተሩ በግድ አየር ያጎርሰዋል። ለሱ ጉናም ፎገራ ሜዳም አንድ ነው። ፉጨቱ የዚያ ነው።"

"ሁልጊዜ ያፏጫል?"

"ሲረግጡት ነው እንጂ። ቁልቁለት ላይ፣ ወይም እግሩን ቀለል አድርጎ ለሚነዳው ሰው ድምፁ አይሰማም።"

"በከተማው ውስጥ ማን ጋር አለ?"

"የውኃ ቁፋሮ ፕሮጀክቱ ሾፌር ተስፋነህ ጋር አንድ አለ። ሌላው..." ደሳለኝ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ሌላው የምስጋና ነበር።"

የሺ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። ምስጋናን ታውቀዋለች፤ ፊቱን ሳይሆን መዝገቡን። በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ባለ ቱርቦ ፒካፕ ይዞ ወደ ጉና እንደ ወጣ ቀረ። ሦስት ሳምንት ፈልጋ አንድም ምልክት ስላጣች፣ "ተሽከርካሪውን ይዞ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሳይሸሽ አይቀርም" ብላ መዝገቡን የዘጋችው እሷ ናት። ጌጡ የምስጋናን እኅት ብርቱካንን ነው ያገባው።

"ጌጡ እጁን ምን አቃጠለው?"

"ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው ተቃጥሎ የመጣው። ብጠይቀው አልመለሰልኝም። መካኒክ እኮ የጋለ ሞተር አይነካም ኢንስፔክተር፤ በጣም ካልቸኮለ በቀር። በዚያው ዕለት ጠዋት ደግሞ ከተስፋነህ ጋር ተጣልቶ ነበር። ኢንጀክተሬን አበላሸህብኝ ብሎ ተስፋነህ 'እገድልሃለሁ' ሲለው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።"

*

ተስፋነህን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አመጡት። ትልቅ ሰውነት ያለው ወጣት ነው፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን ትንሽ ሆነ።

"ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?"

"ቁፋሮው ቦታ።"

"አለቃህ አልነበረም ብሏል።"

"እንግዲያው... ቤት ነበርኩ።"

"መኪናህስ? ጎረቤቶችህ ደጅህ ላይ አላዩትም።"

 ማሩ ጠረጴዛውን በእርሳስ ጫፍ መታ መታ አደረገ።

"ሰው ሞቷል ተስፋነህ" አለችው የሺ በዝግታ። "ከመሞቱ በፊት የሚያፏጭ መኪና ነው የተሰማው። የሚያፏጭ መኪና ያለህ አንተ ነህ። እገድልሃለሁ ያልከውም አንተ ነህ።"

"አልገደልኩም!" ድምፁ ተሰበረ። "እናቴን ጣራ ገዳም ጠበል ወስጃት ነው! የመንግሥት መኪና ለግል ጉዳይ ብለው እንጀራዬን ይነጥቁኛል ብዬ ነው የዋሸሁት። ከገዳሙ በር በታች ጭቃ ያዘኝ። መነኮሳቱ ናቸው ገፍተው ያወጡኝ። ይደውሉ! አባ ገብረ ማርያምን ይጠይቁ!"

ደወለች። አባ ገብረ ማርያም ስልኩን ያነሡት ከማኅሌት እንደ ወጡ ነበር።

"አዎን ልጄ፣ ማክሰኞ ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት ከእኛ ጋር ነበር። ስንገፋለት ቀሚሴን በሙሉ ጭቃ አለበሰኝ። እስካሁን አልደረቀም።"

ተስፋነህ ወጣ። ማሩ በሩን ዘግቶ ወደ የሺ ዞረ።

"እንግዲህ በከተማው ሌላ ቱርቦ የለም።"

"አለ" አለች የሺ። "ያለበትን ነው የማናውቀው።"

ሐሙስ ጠዋት ወሬው ሸንጎውንም ገበያውንም አዳርሶ ነበር። በጉና መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች ብቻችንን አንወጣም አሉ። አንዱ ምስጋና ሞቶ መንፈሱ ነው መኪናውን ይዞ የሚዞረው ብሎ አወራ። የሺ በወሬው ልትስቅ ፈለገች፤ ነገር ግን በየመንገዱ ሞተር በተነሣ ቁጥር ቆም ብላ ጆሮዋን ትጥል ነበር።

*

ብርቱካን በለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አልነበረችም። ጓዳ ገብታ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። እናቷ እማማ ሙላቴ ከአጠገቧ ናቸው። የሺ ስትገባ ሁለቱም አልተነሡላትም።

"ብርቱካን፣ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ።"

ብርቱካን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"እጁ ላይ እርሳስ ነበር። ምን ሲጽፍ ነበር?"

 ብርቱካን ከቀሚሷ ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ቀጭን ወረቀት ነው፤ ሞተር ላይ በተቀረጸ ቁጥር ላይ ተለጥፎ በእርሳስ ተፈትጓል። በጥቁሩ መካከል ቁጥሮቹ ነጭ ሆነው ወጥተዋል።

"ሰኞ ማታ ነው ያመጣው። እራት አልበላም። 'ብርቱ፣ ምስጋና አልሸሸም። ሞተሩ እዚሁ ከተማ ነው' አለኝ። ሞተሩን ሌላ መኪና ውስጥ ተገጥሞ ነው ያገኘው። ከዓመታት በፊት ራሱ የበየዳት ቱቦ አለች። እሷን አይቶ ነው ያወቀው።"

"የማን መኪና?"

"አልነገረኝም። ማክሰኞ ምሳውን በልቶ ሲወጣ 'ዛሬ ወንድምሽ ያለበትን አይቼ እመጣለሁ። ሰውየው ሊያሳየኝ ቃል ገብቷል፤ እኔም ላልናገርበት ቃል ገብቻለሁ። አጥንቱን ብቻ ነው የምፈልገው፤ እናትሽ ትቅበረው' አለኝ።"

"ለምን ለፖሊስ አልተናገራችሁም?"

ብርቱካን ሳቀች፤ ሳቅ ከተባለ። "ለማን? ለአንቺ? ወንድሜን ሌባ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም? እናቴ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በጓሮ በር ነው።"

 ያኔ ከውጭ መኪና መጥቶ ቆመ፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆየ። ብርቱካን የሺን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። የሺ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየችና ትከሻዋ ወረደ።

"አይዞሽ። አያ አንዱአምላክ ናቸው። ለለቅሶው ገብስ አምጥተው ነው።"

ጣቢያ እንደ ተመለሰች የምስጋናን መዝገብ አወጣች። ወረቀቱን ከመዝገቡ ጎን አስቀምጣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስተያየች። ሁሉም አንድ ናቸው። ከታች የራሷ ፊርማ አለ። ከወንበሯ ለመነሣት ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ደሳለኝ ሞተሩ ያለ ብዙ ችግር የሚገባው ያው ፋብሪካ በሠራው አሮጌ ፒካፕ ውስጥ ብቻ ነው አላቸው። በአካባቢው እንደዚያ ያሉ አራት ናቸው። አንዱ ጎማ የሌለው፣ በድንጋይ ላይ የቆመ ነው። ሁለተኛው አዲስ ዘመን ከተማ ተሸጦ ሄዷል። ሦስተኛው ማክሰኞ ዕለት በደሳለኝ ጋራዥ ተበታትኖ ነበር።

"አራተኛው ኤሊ ናት" አለ ማሩ። "ደሳለኝ 'ሞተሯን እኛ ከፍተን አይተን አናውቅም፣ ባሕር ዳር ነው የሚያሠሯት' ብሏል። ቢሆንም አያ አንዱአምላክ ማክሰኞ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል የሌላ ሰው ልቅሶ ቤት ነበሩ፤ እኔም አይቻቸዋለሁ። ዐሥር ሰዓት ላይ የሰበካ ጉባኤውን ስብሰባ በሰዓቱ ገብተዋል። በኤሊ ጥምዙ ድረስ መውጣት ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በሰዓት ተኩል ወጥቶ መመለስ አይሆንም።"

የሺ ስማቸውን ሰረዘች።

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንደገና ወደ ብዙነሽ ወጣች። ማሩ ጥምዙ ላይ አውርዷት፣ መንገድ ሠራተኞችን ሊጠይቅ የጣቢያውን መኪና ይዞ ወደ ጋሳይ ሄደ።

"ያንን ፉጨት ከማክሰኞ በፊት ሰምተውት ያውቃሉ?" አለቻት።

ብዙነሽ ወደ መንገዱ አጮልቃ አየች። "ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በበጋ። ጉም ሲኖር ብቻ ነው የሚመጣው። ጉም ከሌለ አያፏጭም።"

ሰው እንዳያየው ጉም የሚጠብቅ ሾፌር። በዚህ መንገድ የሚመላለስ። የሺ ይህን እያሰላሰለች ወደ መንገዱ ስትወርድ ዝናቡ ጀመረ። ስልኳ ኔትወርክ የለውም። ሩብ ሰዓት ያህል በዝናብ እንደ ቆመች፣ ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሁለት መብራቶች ቀስ ብለው ወጡ። ወደ መንገዱ ዳር ሸሸት አለች። ኤሊን ስታይ ግን "ተመስገን" አለች።

"ግቢ ልጄ፣ ግቢ! ትታመሚያለሽ" አሉ አያ አንዱአምላክ በሩን ከፍተው።

ገባች። የዝናብ ልብሷ ውኃ ይንጠባጠባል። ሰውየው ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዙ፣ ማርሽ እየቀነሱ በእርጋታ ወረዱ። መስታወቱ ላይ የቅድስት ማርያም ሥዕል ተለጥፏል።

"ፍንጭ አገኛችሁ?" አሉ።

ደክሟት ነበር፤ በርዷትም ነበር፤ ሰውየው ደግሞ ሟቹን በጋቢያቸው የሸፈኑ ሰው ናቸው። "የምስጋናን ሞተር ቁጥር አገኘን" አለች። "ጌጡ በእርሳስ ፈትጎ ወስዶት ነበር። ሞተሩ ከተማ ውስጥ ነው።"

"ኧረ! የት ተገኘ?"

"ወረቀቱ ቤቱ ነበር። አሁን እኔ ጋ ነው፤ ዋናው ማስረጃችን እሱ ነው።" የዝናብ ልብሷን ደረት መታ አደረገች።

አያ አንዱአምላክ ማርሹን አንድ ደረጃ ቀነሱ።

ከጥምዙ በታች አራት ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ አንድ ጅረት ያቋርጣል። በበጋ ጠጠር ብቻ ነው። አሁን ግን ቡናማ ውኃ ሞልቶት እየጮኸ ይወርዳል፤ ከማዶ ጭቃማ አቀበት ቆሟል። ሰውየው ውኃው ውስጥ ቀስ ብለው ገቡ። መሐል ላይ ሲደርሱ ከላይ ግንድ የያዘ ደራሽ መጣ።

"አያ! ጎርፍ!" ብላ ጮኸች።

ሰውየው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጡት።

ኤሊ ዘለለች። አህያ ትቀድማታለች የተባለችው ፒካፕ ጀርባዋን እንደ ተመታ ፈረስ ሆና ከውኃው ወጣች፤ የሺ ከመቀመጫዋ ጋር ተጣበቀች። ጭቃማውን አቀበት ስትበላው ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ተነሣ፤ ከመኪናዋ ጋር እየወጣ፣ እየቀጠነ፣ እየበረታ ሄደ።

አቀበቱ አለቀ። ፉጨቱ ቆመ። በመኪናዋ ውስጥ የዝናቡ መጥረጊያ ድምፅ ብቻ ቀረ።

የሺ ፊቷን ወደ ፊት አደረገች። ሽጉጧ በዝናብ ልብሱ ሥር፣ ከተቆለፈ ቁልፍ በታች ነው። ወረቀቱ የት እንዳለ ራሷ ነግራቸዋለች። በስተቀኝ፣ ከበሯ ሥር፣ ገደሉ ጀምሯል፤ በጉሙ ምክንያት ታቹ አይታይም።

ዓይኗን ከመጥረጊያው ላይ አላነሣችም።  "ዝናቡ እስከ ማታ የሚያባራ አይመስልም።"

"ሰማሽው አይደል" አሉ አያ አንዱአምላክ።

"ምኑን?"

"ተዪው ልጄ። እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው።"

እጇን አየች። እውነታቸውን ነው። የእሳቸውም እጅ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንደ እሷ ፈርተዋል፤ የፈራ ሰው ምን እንደሚያደርግ ስለማይታወቅ ይህ ይበልጥ አስፈራት።

"ያቁሙ አያ። እንነጋገር።"

"ተነጋግሬ ነበር ከጌጡ ጋር" አሉ። "አልናገርም ብሎኝ ነበር። ግን እንዴት አምነዋለሁ? አንድ ቀን ለሚስቱ ሊነግራት ነው።"

በግራ እጃቸው የራሳቸውን በር ከፈቱ። ነፋሱና ዝናቡ ገባ። እግራቸው ነዳጁን ረገጠ፤ ፉጨቱ እንደገና ተነሣ። መሪው በዝግታ ወደ ቀኝ መዞር ጀመረ፤ ሰውየው ደግሞ ወገባቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ያኔ ገባት። እሳቸው ዘለው ሊወርዱ ነው፤ መኪናዋ እሷን ይዛ ልትሄድ።

የሺ አላሰበችም። በአንድ እጇ የእጅ ፍሬኑን ጎትታ በሌላው መሪውን ይዛ በሙሉ ሰውነቷ ወደ ግራ ተወረወረች። የኋላ ጎማው ወደ ገደሉ ተንሸራተተ፤ ጠጠሩ ከሥሯ ሲረግፍ ሰማች። ከዚያ የመኪናዋ አፍንጫ ከተራራው ግድግዳ ጋር ተላተመ፤ ሁሉም ነገር ቆመ። አያ አንዱአምላክ በተከፈተው በር ተወርውረው መንገዱ ላይ ወደቁ።

የሞተሩን ቁልፍ ዘጋች። በራሷ በኩል ያለውን በር ከፍታ ወደ ታች ስታይ መሬት አልነበረም። በሾፌሩ በር በእጅና በእግሯ ዳኸች። የዝናብ ልብሷን ቁልፎች መፍታት አቃታት፤ በጠሰቻቸው። ሽጉጡን ስታወጣ ሰውየው እግራቸው ተሰብሮ ጭቃው ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር።

"ምስጋና የት ነው?" አለች።

"ልገድለው አልነበረም" አሉ። "ያኔ ኤሊ የድሮ ሞተሯ ነበራት። ጉና ላይ አቅም አጣች፤ ቆመች። ምስጋና ከኋላዬ ደርሶ ሊረዳኝ ወረደ። ድንጋይ አንሥቶ ከጎማው ሥር ሊያስገባልኝ ጎንበስ ሲል ፍሬኑ ከዳኝ፤ ወደ ኋላ ሄደችበት።"

"ወዲያው ሞተ?"

ሰውየው ፊታቸውን በጭቃ እጃቸው ሸፈኑ።

"ወዲያው ሞተ ወይ ነው የምልዎት!"

"እስከ ማታ ይተነፍስ ነበር" አሉ። "ፈራሁ። ሐኪም ቤት ብወስደው ሰው ገጨ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ በመጋዘኔ ጓሮ ካለው ዋሻ ከተትኩት። መኪናውን ገለባ አለበስኩት። ሞተሩን... እንዲያ ዳገት ላይ ዳግመኛ ወደ ኋላ መንሸራተት ፈራሁ ልጄ። ከሩቅ መካኒክ አምጥቼ አስቀየርኩት። ለሰው እንዳይታወቅብኝ ቀስ ብዬ ስነዳ ኖርኩ። ሰኞ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ስገባ ቁልፉን ረሳሁት። ራዲያተሯ ውኃ ስታፈስ ጌጡ አይቶ፣ ውለታ ሊውልልኝ ኮፈኑን ከፈተ። ስወጣ እጁ ሞተሩ ላይ ነበር።"

ማሩ ከጋሳይ ሲመለስ የሺን ከሰውየው አምስት እርምጃ ርቃ፣ ዝናብ ውስጥ ቆማ፣ ሽጉጡን በሁለት እጇ ይዛ አገኛት። ሽጉጡን ከጣቶቿ ለማላቀቅ አንድ በአንድ መፍታት ነበረበት።

*

ምስጋናን በማግሥቱ ከዋሻው አወጡት። ሞተር የሌለው መኪናውም ከገለባው ሥር ተገኘ። እሑድ በደብረ ታቦር ቀበሩት፤ ከጌጡ መቃብር አጠገብ። የለቅሶ ድንኳኑ በሰው ሞልቶ ወደ መንገዱ ፈሰሰ።

የሺ መጨረሻ ላይ መጣች። የደንብ ልብሷን ለብሳለች። ብርቱካንን ጥግ ላይ አገኘቻትና ዝቅ ብላ ጉልበቷን ያዘች።

"ተሳስቻለሁ" አለች። "መዝገቡን አስተካክያለሁ። ይቅር በይኝ።"

ብርቱካን አልገፋቻትም፤ አላቀፈቻትምም። "መዝገቡን ማን ያነበዋል?" አለች በለሆሳስ። "ሌባ ሲባል የሰማው ይኸ ሁሉ ሰው ነው። እናቴ እዚያ ተቀምጣለች። ለእኔ አይደለም፤ ለእነሱ ተናገሪ።"

የሺ ቀና ብላ አየች። ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ነበር። ካህናቱ፣ መምህራኑ፣ ሾፌሮቹ፣ ከወረዳው የመጡት አለቆቿ ሳይቀሩ።  ማሩ ከሩቅ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም፣ አለቆች አሉ ማለቱ ነው።

ተነሥታ ወደ ድንኳኑ መሐል ሄደች፤ እማማ ሙላቴ ፊት ቆመች። ሰዉ ጸጥ እስኪል ጠበቀች።

"ስሜ የሺ ይባላል" አለች። "ምስጋና ሰው ሊረዳ ወርዶ ነው የሞተው። ሌባ አልነበረም። ሌባ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

 እማማ ሙላቴ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

"ድገሚው" አሉ። "ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"

የሺ ትንፋሿን ስባ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው።